ጠብታ ያልነካው አማና

ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም፣ መካነ ሰላም

አማካሪዬ ዶክተር በላይ ይህን ደብተር የሰጡኝ የመስክ መዝገብ እንድይዝበት ነው። ከፊት በኩል ቁጥር እሞላበታለሁ። ከኋላ በኩል ግን የራሴ ነው፤ እዚህ አማካሪም አራሚም አይደርስብኝም።

ዛሬ ክረምቱን የምሞክርበትን የሞገድ ተቀባይ ሾላ ሜዳ ተክለን መጣን፤ ላኪው ጣሪያችን ላይ ነው። ሾላ ሜዳ ከቤታችን ጣሪያ ሆነው ሲያዩዋት አፍንጫ ሥር ናት፤ በአሞራ መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል። ለእግረኛ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶውን መውጣት ነውና ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስልክ እዚያ አይሠራም። አባዬ ጉልበቱ ስለማይታዘዝለት በቅሎ ተከራይተን ነው የሄደው። ሲመለስ "ሁለተኛ በዚህ ገደል እንዳታመላልሺኝ" ብሎ ማለ።

አባዬ፣ አበጋዝ ዲሹ፣ የከተማው ዲሽ ተካይ ነው። ወይዘሮ ቦጋለችንም የሚያውቃቸው በሥራው ነው። ልጃቸው ስመኝ ከዱባይ በላከችው ገንዘብ ሶላርና ቴሌቪዥን ሲገዙ ዲሹን የተከለላቸው እሱ ነው። ግቢያቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ስለሆነ ጣሪያችን ፊት ለፊት ይታያል። ሶላርም አላቸው። ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኝም ነበር።

በመንገድ ላይ አባዬ "ይሄ ሳጥንሽ እንዴት ነው የሚዞረው?" አለኝ። አይዞርም አልኩት። ውስጡ አሥራ ስድስት ትንንሽ አንቴናዎች አሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ አራት ቺፖች፣ እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ የማይበልጡ። አሥራ ስድስት ሰው ግንድ ሲጎትት አንዱ "ሆ በሉ" ይላል፤ ሁሉም እኩል ሲስቡ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ የግራዎቹ ቀደም ካሉ ግን ወደ ጎን ይታጠፋል። ቺፑ ያ "ሆ" የሚለው ሰውዬ ነው፤ ማን ቀድሞ ማን ዘግይቶ እንደሚስብ እየነገረ ሞገዱን ወደፈለገው አቅጣጫ ይልከዋል፣ ሳጥኑ ንቅንቅ ሳይል። አባዬ "ሳይዞር የሚዞር ነገር ሰይጣን ብቻ ነው" አለ።

ሾላ ሜዳ ስንደርስ ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ ለወይዘሮ ቦጋለች አስረከባቸው። አማና ነው፣ የልጄ የሁለት ዓመት ልፋት ነው፣ አደራሽን አላቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከዓይኔ ብሌን ለይቼ አላየውም አሉ። ሽማግሌ የተቀመጠበት ጉዳይ ነበር የሚመስለው። እኔ ዝናብ ሳይመጣ ለመመለስ ቸኩዬ ነበር። ቆሎ አቀረቡልን፣ ቆሜ ዘገንኩ። ተቀመጪ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም።

ሰኔ 13

ተገናኘ! ከጣሪያችን የላክሁት ሾላ ሜዳ ገባ፣ ከሾላ ሜዳ የተላከው ተመለሰ። የሚሊ ሜትር ሞገድ ነው፤ በዚህ አገር ሰማይ ስር ከእኛ በፊት ማን እንደላከው አላውቅም። የላከ ካለም ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

አባዬ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጣሪያ ላይ ሆኖ "መጣ?" ሲል፣ ከታች "ሄደ! ቆይ! መጣ!" ሲባል ነው የኖረው። ዛሬ ማንም ሳይጮህ ሲመጣ ቅር ያለው ይመስለኛል።

ሰኔ 20

ዝናብ። የመጀመሪያው። ገና ሳያካፋ መስመሩ ሞተ። ደመናውን አይቶ የደነገጠ ነው የሚመስለው። ዝናቡ ካባራ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ወርጄ የዝናብ መለኪያውን አየሁ፤ ይህን ያህል መስመር የሚገድል አይደለም። ጊዜ የለኝም፣ ነገ እጽፋለሁ።

ሰኔ 24፣ እሑድ

ጠዋት ዶፍ ወረደ። መስመሩ ትንሽ ደከም አለ እንጂ አልተቋረጠም። እስከዛሬ በካፊያ ሲሞት የሰነበተ ነገር በዶፍ እንዴት ይሠራል? የመሣሪያ ስህተት ነው። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ።

ሐምሌ 2

ሚሞሪ ካርዱን ለማምጣት ሾላ ሜዳ ሄድኩ። ተቀባዩ እንደተከልነው ነው፤ እንደውም አቧራ እንኳ የለበትም። አጥሩ ላይ ነብር የተሳለበት ትልቅ የዱባይ ብርድ ልብስ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል። በሐምሌ ብርድ ልብስ የሚያጥብ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሀብት ሲመጣ እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ። እማማ ቦጋለች ከደጅ ተቀበሉኝና "ወላሂ ልጄ፣ አንድ ጠብታ አልነካውም" አሉኝ። እንዴት ጠብታ አይነካውም ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። የአነጋገር ወግ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቤት ገብቼ ካርዱን ከፈትኩ። ምልክቱ በዝናብ ጊዜ እንደ ቢላ ተቆርጦ ይወድቃል፣ እንደ ቢላ ተቆርጦ ይመለሳል። መጽሐፉ ዝናብ ቀስ በቀስ ያደክማል ይላል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች የእኛን አገር የቦረናን ዝናብ አያውቁትም ማለት ነው።

ሐምሌ 8

ሐሙስ እንደገና ያ ስህተት። ቅዳሜም። ዛሬ እሑድም። ዝናብ፣ መስመሩም ደህና። ሦስቱንም ሰርዣለሁ። አንድ ወጥ ነገር የሚናገር መረጃ ነው የምፈልገው።

ሐምሌ 14

ዶክተር በላይ ደወሉ። ተቆጡ ማለት አይደለም፤ እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል፣ ዛሬ ደግሞ ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ውስጥ መክተት ነበረብኝ። ኢንስቲትዩቱ ያለው የቺፕ ቦርድ፣ ሳጥኖቹ ውስጥ ያለው፣ ይህ አንድ ጥንድ ብቻ ነው። እስከ ነሐሴ 21 ድረስ በክረምት ዝናብ የሚሠራ መሆኑን ካላሳየሁ ቦርዱ አብሮኝ ወደሚማረው ወደ ምናለ ይሄዳል። ምናለ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለበት ሰማይ ሳይሆን በአምፖል ስር ይሠራበታል። እኔ ሌላ ርዕስ እፈልጋለሁ። ሁለት ዓመት ባከነ ማለት ነው።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ሻይ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። "የአበጋዝ ልጅ አዲስ አበባ ድረስ ተምራ ተመልሳ የአባቷ ጣሪያ ላይ ወጣች" አለ አንዱ። ሌላው "እሱስ ከጣሪያው መች ወርዶ ያውቃል" አለ። አልተናደድኩም። ምንም አልተናደድኩም። ስኳር ልገዛ ወጥቼ ሳልገዛ ተመለስኩ እንጂ።

ሐምሌ 22

ሐሙስ ደህና፣ ትናንት ደህና፣ ዛሬ ደህና። በመካከሉ ሁሉም ሙት። የሰረዝኳቸው ቀናት እየበዙ ስለሄዱ በዚህ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ለብቻ ዝርዝር አውጥቼላቸዋለሁ። ባትሪውን ጠርጥሬ ነበር፤ አይደለም። ሙቀቱንም፤ አይደለም። ማታ ማታ ስለምናጠፋው ሌሊቱን የምጠይቀው ነገር የለም። ቺፖቹን አልጠረጥርም፤ ከጠረጠርኳቸው የሚቀረኝ የለም።

አባዬ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳጥኑን ዞር ዞር ብሎ አየውና በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ዲሽ እንዲህ ሲሉት ይታዘዛል አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩበት። ወረደ። ጉልበቱን ይዞ ነበር የሚወርደው፣ አይቻለሁ።

ነሐሴ 4

አዲስ እብደት። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዘነበም አልዘነበም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይሠራል። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ሰማዩ ጠቁሮ ከሆነ ቀጥ ይላል። በሰዓት የሚገዛ ዝናብ! ለዶክተር በላይ ይህን ብነግራቸው እረፍት ውሰጂ ይሉኛል።

ነሐሴ 6፣ እሑድ

በዚህ ዓመት ተማርኩ ከምለው ሁሉ ትልቁን ዛሬ የተማርኩት ከወርቂቱ ነው። ወርቂቱ ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየች አስተማሪ ናት፤ የምታስተምረው ሳይንስ አይደለም፣ አማርኛ ነው። ጨው ልትበደር ገብታ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አገኘችው። የቀኖቹን ዝርዝር በጣቷ እየነካች ማንበብ ጀመረች። እሑድ። ሐምሌ አምስት፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ሰባት፣ ሥላሴ። አሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል። ሃያ አንድ፣ ማርያም።

"ፈይዛ፣ ይሄ እኮ የበዓላት ዝርዝር ነው" አለችኝ።

ከነሐሴ አንድ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚለውንስ አልኳት። የፍልሰታ ቅዳሴ የሚያልቅበት ሰዓት ነዋ አለች፤ እሷም ከዚያው መምጣቷ ነበር። "ሞገድሽ ሳትነግሪው ክርስትና ተነስቷል" ብላ ሳቀች። አባዬም ሰምቶ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እማማ ቦጋለች ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መስመሩ ይሠራል፤ ቤት ሲሆኑ በዝናብ ይሞታል። እስላሟ እኔ የሥላሴን ቀን ከየት አውቄ! ግን እሑድን አውቃለሁ፤ እሑድን እንኳ ማየት አቃተኝ።

ነገ እሄዳለሁ።

ነሐሴ 7

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሾላ ሜዳ ደረስኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከግቢው በር ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ እማማ ቦጋለች ከቅዳሴ እየሮጡ መጡ። በስልሳ ዓመታቸው፣ ምንም ሳይቀምሱ በዋሉበት ሆዳቸው፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ይሮጣሉ። ቤት ገብተው ያን ነብር ያለበትን ብርድ ልብስ ይዘው ወጡና ተቀባዩን ከላይ እስከ ታች ጠቀለሉት፣ በገመድ አሰሩት። ከዚያ ነው ዞር ብለው ያዩኝ።

"ኧረግ ልጄ! ቅድም ደርሰሽ ቢሆን አንቺ ትሸፍኚው ነበር። አብሽሪ፣ ጠብታ አልነካውም" አሉኝ።

ብርድ ልብሱ ስመኝ ከዱባይ የላከችላቸው ነው። ሁለት ዓመት ከነፕላስቲኩ አስቀምጠውት ኖረዋል። ለራሳቸው አንድ ቀን እንኳ አልለበሱትም። ተደራርቦ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ ያውም እርጥብ ሲሆን፣ ለዚህ ሞገድ የድንጋይ ግንብ ነው። ሐምሌን በሙሉ የለካሁት የቦረናን ዝናብ ሳይሆን የስመኝን ብርድ ልብስ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አማናን ዝናብ አይመታውም፣ ይህን እዚህ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ሳጥኑ ውኃ እንዲችል ሆኖ የተሠራ መሆኑን ለማንም አልነገርኩም። የዚያን ቀን አንድ ጊዜ ተቀምጬ ቆሎውን ብበላ ኖሮ ይነሳ ነበር ወሬው። ተቀመጪ ብለውኛል እኮ።

አሁን ነገርኳቸው። እንዲመታው ነው የምፈልገው፣ ሥራው ያ ነው አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"አንቺ ተምረሻል፣ አልከራከርሽም። ግን ያስረከበኝ አባትሽ ነው። እሱ መጥቶ አማናዬን አንስቻለሁ እስካላለኝ ድረስ በረዶ ሲቀጠቅጠው እያየሁ አልቀመጥም። ነገ ቢሰበር ስሜ ነው የሚሰበረው።"

ነቅዬ ጎረቤት ልትከለው ብል አገሩ ቦጋለች አማና በላች ይላል። ያን አላደርግባቸውም። ዛሬ ግን ተቀመጥኩ። ሽሮ በሉ፣ አብሬ በላሁ።

ነሐሴ 8

ለአባዬ ነገርኩት። ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "ልክ ናት" አለ። ቦርዱን ሊወስዱብኝ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረኝም አልኩት። ከአረፋ በኋላ እሄዳለሁ አለ።

ነሐሴ 15፣ አረፋ

ዒድ ሙባረክ። ነገ ደግሞ የወርቂቱ ፍልሰታ ይፈታል፤ በግቢያችን ሁለት ቀን ተከታታይ ሥጋ ነው። አልበላልኝም። ስድስት ቀን ቀረኝ።

ነሐሴ 17

አባዬ ሄደ። በቅሎዋ ጭቃው ውስጥ እስክትጠፋ ድረስ ከጣሪያ ላይ አየሁት። ስለ ሐምሌው ጩኸት ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ኮርቻውን አጥብቄ አሰርኩለት፣ እሱ ይገባዋል። ብርድ ልብሱ እንዳይረጥብብሽ በላት አልኩት። ሳቀ።

ነሐሴ 18

8፡10። ከወግዲ በኩል ጥቁር መጣ። ሾላ ሜዳ አይታየኝም።

8፡25። ጀመረ። የምልክቱ ጉልበት አራት ዲሲቤል ወረደ። በዝግታ። መጽሐፉ እንዳለው። ይቅርታ መጽሐፌ።

8፡38። በረዶ። ጣሪያችን ይጮሃል። አሥራ አንድ ዲሲቤል። አለ። መስመሩ አለ።

8፡47። ወደቀ። እንደ ቢላ። ብርድ ልብሱ ነው። አባዬ እዚያ እያለ? እማማ ቦጋለች፣ ምነው፣ ምን በደልኩዎት?

8፡47፣ ያው ደቂቃ። ተመለሰ! የተቀባዩ የአቅጣጫ ቁጥር ግን ዜሮ የነበረው ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ወደ ግራ ይላል። ማን አዞረው? ዓይኑን ወደ ጎን አዙሮ ከየት ነው የሚቀበለኝ?

9፡30። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተመለሰ። ዝናቡ አባራ። መስመሩ ከዚያች አንዲት ቅጽበት በቀር አልተቋረጠም። በዚህ ክረምት ከወረደው ሁሉ የከፋው ዝናብ ነው፣ በእሱ ውስጥ አልፏል። አልሐምዱሊላህ። ወርቂቱን ከክፍሏ ጎትቼ አውጥቼ ጭቃው ላይ ዘለልን።

የ8፡47ቱ ነገር ግን አልገባኝም።

ነሐሴ 19

አባዬ ማታ ገባ። ምግቡን ሳይነካ ነው የነገረኝ።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ጎረቤት ምስክር አስቀምጦ አማናውን አንስቷል። እማማ ቦጋለችም እሺ ብለዋል። ዓርብ በረዶው ሲጀምር ሁለቱም ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልሸፍነው እንዴ ብለው ጠየቁት። አይሆንም፣ ቃል ገብተሻል አላቸው። አልሸፍነውም አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ብድግ ብለው ወጡና ሳጥኑ ፊት ቆሙ። ጀርባቸውን ለበረዶው ሰጥተው፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው። አባዬ ግቢ ብሎ ተጣራ።

"አልነካሁትም አበጋዝ። ብቻውን ግን አይቀጥቀጥ" አሉት።

አርባ ሦስት ደቂቃ ቆሙ።

የሰው ሰውነት ይህን ሞገድ ይጋርዳል። ሲጋረድበት ቺፑ አቅጣጫ ሁሉ ፈልጎ የጎረቤትን የቆርቆሮ ግድግዳ አገኘ፤ ከዚያ ነጥሮ የሚመጣውን ያዘ። እማማ ቦጋለችን ሳይነካ በጎናቸው ዞሮ ገባ ማለት ነው። እንዲህ እንዲፈልግ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከኮምፒውተር ውጭ ሲሠራ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። እሳቸው ከቁር ጋር እዚያ ሲቆሙ እኔ እዚህ እወቅሳቸው ነበር። ለአባዬ ይህን ስነግረው አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የገረመው። "ጣሪያ ላይ ሰው ሳይወጣ?" አለ። ደጋግሞ። ጣሪያ ላይ ሰው ሳይወጣ።

ስለ ጩኸቴ ይቅርታ ጠየቅሁት። የትኛው ጩኸት አለ።

ነሐሴ 21

ፋይሉን ለዶክተር በላይ ላክሁ፤ በቀይ የሰረዝኳቸውን ቀናት ሁሉ መልሼ፣ የብርድ ልብሱን ቀናት ለብቻ አውጥቼ፣ ምክንያቱንም ጽፌ። ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ዛሬ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር። ቦርዱ እኔ ጋ ይቆያል፤ ጳጉሜን ላይ ፈታኞች ፊት እቀርባለሁ። ምናለም ደወለ። አሪፍ ሥራ ነው አለኝ፣ ከልቡም ነበር። እኔ እሱን ብሆን እንዲህ እል ነበር? እንጃ።

ጳጉሜን 2፣ አዲስ አበባ

ቀረብኩ። አርባ ደቂቃ አወራሁ። አባዬ የአረፋ ሸሚዙን ለብሶ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

አንዱ ፈታኝ፣ ሽበታሙ፣ የነሐሴ 18ን ግራፍ ገጽ አወጡ። 8፡47 ላይ እስክሪብቷቸውን አሳረፉ። እዚያ ላይ "ጊዜያዊ እንቅፋት" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ስለ ብርድ ልብሱ ጽፌ ስለዚህ መጻፍ ለምን እንዳፈርኩ ለራሴም አላውቀውም።

"ምንድን ነው እንቅፋቱ?" አሉኝ።

"ሰው ናቸው" አልኩ። "ወይዘሮ ቦጋለች ይባላሉ። መሣሪያው ብቻውን በረዶ እንዳይመታው አብረውት ቆመው ነበር።"

ከኋላ አባዬ ሲያስል ተሰማኝ። ፈታኙ ገጹን ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ "እንቅፋት" የሚለውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዙና ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ገፋ አድርገው ሰጡኝ።

"በስማቸው ጻፊው" አሉ።

ቆሜ ጻፍኩት። እንዳለፍኩ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።